ሸቂቃ ያለችኝ ሴት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነበረብኝን ወባ ስታከም ኖርኩ። የነበረብኝን ሕመም ስሙን የነገረችኝ ደግሞ ሐኪም ሳትሆን ሰሊጥ ለመልቀም የመጣች ስደተኛ ናት። እኔም ስሙን ስትነግረኝ ተቆጥቼ መለስኳት። ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ፤ እኔም ከጥፋተኞቹ አንዷ ነኝ።

የዝና እባላለሁ። ገንዳ ውሃ ተወልጄ፣ መተማ ዮሐንስ አግብቼ፣ እዚሁ ድንበሩ አፍ ላይ ባለ የሰሊጥ መጋዘን የለቃሚዎች ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ለቃሚዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ከሰሊጡ ጠጠሩን፣ ጭራሮውንና የተበላሸውን ፍሬ በእጃቸው የሚለዩ ሴቶች ናቸው። እኔ በየረድፉ እየዞርኩ አጎንብሼ የለቀሙትን አያለሁ፤ ያልጠራውን እመልሳለሁ። ከጧት እስከ ማታ አንገቴ እንደታጠፈ ነው። ቆርቆሮው ይግላል፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ በር ላይ የሚጫነው መኪና ጭሱን ወደ ውስጥ ይለቃል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ ብዬ አስብ ነበር።

መጀመሪያ የታመምኩ ቀን ከግራ ዓይኔ ጥግ አንድ የሚብለጨለጭ ነገር አየሁ። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ መስሎኝ ዞር ብል አብሮኝ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ብልጭታው ጠፋና የራሴ ግራው ግማሽ ልብ ያለው ይመስል ይመታ ጀመር። ቀኙ ግን ደህና ነበር። የናፍጣው ሽታ ሆዴን ገለበጠውና ከመጋዘኑ ጓሮ ሄጄ አስታወክሁ። ቤቴ ገብቼ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ተኛሁ፤ ማግስቱን ልክ የተደበደበ ሰው ሆኜ ተነሣሁ።

በኛ አገር «ራሴን» ያለ ሰው ሁሉ ወባ ነው። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱ ቀን ሠራተኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። እነሱ የምር ወባ ነበረባቸው። እኔ ከመካከላቸው ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፤ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ሲወጋኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንዱ ጎልማሳ እየተንቀጠቀጠ «እትየ፣ በኔ ቦታ ሁነው ይቀመጡ፤ እዚህ ጥላ ነው» ብሎ ቦታውን የለቀቀልኝን አልረሳውም። በዚያ ሁሉ ምልልስ ብርሃን እንደሚያመኝ ያስተዋለ እሱ ብቻ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ባለሙያው ወረቀቱን እያየ «ደምሽ ላይ አልታየም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንዳንዴ ይደበቃል። ለማንኛውም መድኃኒቱን ጀምሪው።»

የመጀመሪያውን አልፈርድበትም። ወባ በዚህ አገር ሰው ይገድላል። ስድስተኛው ጊዜ ግን ምን ይባላል? ስድስት ጊዜ ደሜ ንጹሕ ነው እያሉ ስድስት ጊዜ የወባ መድኃኒት አስዋጡኝ። ከዚያ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ገንዳ ውሃ ያለ ክሊኒክ ሳይነስ ነው አለኝ፤ መነጽርም አስገዙኝ። ቤተሰቦቼ በዋግምት ደም የሚያወጡ ሰውዬ ጋ ወስደውኝ፣ ሰውዬው ግንባሬን በስተው ደም መጠጡልኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። በመጨረሻ አንዱ ፈገግ ብሎ «አንቺ ዝም ብለሽ ትጨነቂያለሽ፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። በምን እንደምጨነቅ ግን አልጠየቀኝም። ስለ ጭንቀቱ የሚደረግ ነገር እንዳለም አልነገረኝም። ጭንቀት ነው ብሎ በሩን አሳየኝ።

እኔም ሥራ መዋል ስላለብኝ ማስታገሻ ክኒን በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬ መያዝ ጀመርኩ። በኛ ከተማ ከከረሜላ ጎን ነው የሚሸጠው። በፊት ሲያመኝ ብቻ ነበር የምውጠው፤ ኋላ ሳያመኝ ልቅደመው ብዬ ጧት ጧት፤ ከዚያ ጧትና ማታ። ክኒኑ በበዛ ቁጥር ሕመሙም እየተመላለሰ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሆነ። ሁለቱን ያገናኘልኝ ሰው አልነበረም።

ቤቴ የሹክሹክታ ቤት ሆነ። ልጄ ሰላም አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የበሩ መቀርቀሪያ እንዳይጮህ በጨርቅ ይዛ መክፈት ለመደች። ባሌ አስማማው አብደራፊ ትራክተር ይነዳል፤ በእርሻው ወራት በስልክ ብቻ ነው የምንገናኘው። አጥር የምትጋራን ታላቅ እህቱ እትየ ብርቄ ግን በየቀኑ ትመጣለች። አንድ ቀን እግሬ ሥር ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ።

«የዝና፣ ቆላው አልተስማማሽም። ደጋ ውጭ። ዳባት እናታችን ዘንድ ሁነሽ ንጹሕ አየር ሳቢ።»

«እትየ፣ እኔ እኮ ቆላ ነው የተወለድሁ። እርስዎ ነዎት ከደጋ የመጡ።»

«ቢሆንስ? ሰው አገሩም ይጠላዋል።»

ለአስማማውም ይህንኑ ነገረችው። ተመካክረው ጨረሱ። ልጄ ትምህርቷን እዚህ ትቀጥላለች፣ እኔ ዳባት እወጣለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ያለ የለም። ከተወለድኩበት አገር፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሠራሁበት ቦታና ከልጄ ተነቅዬ የአማቴ ጓዳ ውስጥ በሽተኛ ሆኜ ልኖር ነው ማለት ነበር። የዚያን ሰሞን ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነበር እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ሱዓድ የመጣችው በዚያው ወር ነው። ካርቱም ጦርነት ሲሆን የድንበሩን ድልድይ ተሻግረው ከገቡት አንዷ ናት፤ ከሃምሳ ዓመት ትንሽ ትበልጥ ይሆናል፤ ቀጭን ረጅም ሴት። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ስትለቅም አይቼ «ይቺ ሥራ ሳይሆን ፎቶ ልትነሣ ነው የመጣች» ብዬ አሹፌባታለሁ። አንድ ቀን ሕመሙ ሲጀምረኝ ዚር ከምንለው ከትልቁ የውሃ ገንቦ ጋ ሄጄ ግንባሬን ርጥቡ ገላው ላይ አስደገፍሁ። ሱዓድ ተነሥታ መጣችና የግንባሬን ግራ ጎን በጣቷ እያመለከተች «ሸቂቃ?» አለችኝ።

ድንበር ላይ ላደገ ሰው ሸቂቅ ማለት ወንድም ነው፤ ሸቂቃ እህት። ገና በሁለት ሳምንቷ፣ ራሴ እየተፈለጠ፣ እህቴ ብላ ልትለማመጠኝ መጣች ብዬ ደሜ ፈላ።

«እኔ እህትሽ አይደለሁም። ሂጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ላ፣ ላ» ብላ አይደለም አለችኝና እጇን በራሷ መሐል ለመሐል አሳለፈች። «ኑስ ራስ። ሸቂቃ።»

«ሂጅ ብያለሁ።»

ሄደች። ለቃሚዎቹ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ አስማማው ሊወስደኝ መጣ። እግረ መንገዳችንን ጎንደር አንድ ሐኪም ያየኝና ከዚያ ዳባት እወጣለሁ ተብሎ ነበር። ጎንደር ከንጋት እስከ ከሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ተራ ጠበቅን። የገባሁባት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ወረቀቴን ሳታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የትኛው ወገንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላ ነበር። አለቀስኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ብልጭታው፣ ስለ ማስታወኩ፣ ስለ ብርሃኑ ራሷ እየቀደመች ጠየቀችኝ። አስማማው ውጭ ነበር።

«ማይግሬን ይባላል» አለችኝ። «ድሮ ሰዎች ራስ ፍልጠት የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ነው የሚያም።» የክኒኑን ብዛት ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ማስታገሻ በየቀኑ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ፣ ማቆም እንዳለብኝ፣ ሳቆም ደግሞ መጀመሪያ እንደሚብስብኝ አስረዳችኝ። ማታ ማታ የሚወሰድ መከላከያ ጻፈችልኝ። ውኃ፣ በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት አለች። አንገትሽና ትከሻሽ ድንጋይ ሆኗል፤ የሚያፍታታ፣ ትንፋሽን የሚያረጋጋ እንቅስቃሴ ጀምሪ፤ ለምሳሌ ዮጋ አለችኝ። ዮጋን በቴሌቪዥን ነው የማውቀው፤ እግራቸውን አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙ ሰዎች። እኔ ጫማዬን የማስረው እግሬን ድንጋይ ላይ አውጥቼ ነው። «መተማ ላይ ዮጋ?» ብዬ ሳቅሁባት።

ሐኪሟ ግማሽ ራስ ያለችው ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሱዓድ «ኑስ ራስ»ም ግማሽ ራስ ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሐጂ ሙሳ ጋ ደወልኩ፤ ከመጋዘናችን ጎን ሱቅ ያላቸው፣ አረብኛ እንደ አማርኛ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ሐጂ፣ ሸቂቃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እህት ነዋ። የናት ያባት ልጅ።»

«ሌላ ፍች የለውም?»

«ሌላማ ያ ግማሽ ራስ የሚይዘው በሽታ ነው። ሟች እናቴም ነበረባት። ምነው?»

ስልኩን ዘጋሁ። ስድስት ጊዜ ደሜ ተወስዶ ያልተገኘውን ያቺ ሴት ገንቦ ሥር ቆማ በአንድ ቃል ነግራኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ አልሰማኝም ብዬ ስናደድ የኖርኩት፣ የነገረችኝን ሴት አልሰማኋትም።

ዳባት አልወጣሁም። አስማማውን እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጠኝ፤ ካልተሻለኝ ያን ጊዜ ራሴ እወጣለሁ አልኩት። ፊቱን አጥቁሮ እሽ አለ። መተማ እንደገባሁ ሱዓድ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋትና ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኳት። ዮጋ የሚለውን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ለካ ካርቱም ውስጥ አዳራሽ ተከራይታ አሥር ዓመት ለሴቶች ዮጋ ስታስተምር ኖራለች።

ጧት አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ሱዓድ የምትከራይበት የሐጂ ሙሳ ጓሮ ውስጥ ጀመርን። ከክፍሏ ብርሽ የምንለውን የዘንባባ ምንጣፍ ይዛ ትወጣለች፤ እኔ በቀሚሴ ሥር ሱሪ አድርጌ እመጣለሁ። ጎንበስ በይ አለችኝ። ጎነበስኩ። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ቆሙ።

«ኸላስ?» አለችኝ። በቃ ማለቷ ነው።

«ኸላስ።»

«አንቺ፣ እንጨት» አለች፤ አማርኛዋን ከለቃሚዎቹ ነው የተማረችው።

በእጅና በጉልበቴ ቆሜ ጀርባዬን እንደ ድመት እንድቀስር አደረገችኝ። ሱዳኖቹ ድመትን ከዲሳ ነው የሚሉ። ሁልጊዜ «ከዲሳ፣ ሹወያ ሹወያ» ትለኛለች፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ሁለቱን የመጀመሪያ ሳምንታት ማስታገሻውን ስላቆምሁ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሹወያ የሚለውን ቃል ጠላሁት። ከሁሉ የከበደኝ ግን አንድ ሕጓ ነው፤ ማመም ከመጀመሩ በፊት አቁሚ ትለኛለች። እኔ የመጋዘን ሥራ የለመድኩ ሰው ነኝ። እየታመመም የሚሠራ ሰው ነው የሚመሰገነው። ገፍቼ ስጎነበስ ትከሻዬን ይዛ ትመልሰኛለች፤ እበሳጫለሁ። ሰውነቴ አልችልም ሲል መስማት ነውር እንዳልሆነ ለመቀበል ከድመቷ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ችግር የመጣው ከትንፋሹ ነው። በአረብኛ ትንፋሽ ነፈስ ይባላል። ሱዓድ ደግሞ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በራሷ አድርጋ «ነፈስ አስገቢ፣ ነፈስ አውጪ» ትለኛለች። እትየ ብርቄ በሐጂ ሙሳ አጥር ሥር ስታልፍ የሰማችው «ነፍስ አውጪ» የሚለውን ነው። በቀዳዳ ስታይ ደግሞ እኔ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ተደፍቻለሁ። አብደራፊ ስልክ ተደወለ። አንዲት አረብ ሚስትህን በየጧቱ ከመሬት ደፍታ ነፍስሽ ይውጣ እያለች ትደግምባታለች ተባለለት።

በሁለተኛው ቀን ጧት አስማማው መኪና ተከራይቶ መጣ። ጓሮው በር ላይ እትየ ብርቄን አስከትሎ ቆመ። እኔ ምንጣፉ ላይ ነበርኩ።

«ተነሽ፤ ልብስሽን ያዥ» አለኝ። «ዳባት ነን።»

«ፋሲካ አልደረሰም።»

«ነፍስሽን ሲያወጡ ቁሜ ልይ?»

ሱዓድ ነገሩ ገብቷት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰችለት። «ነፈስ» አለችው። እሱ ፊቱን አዞረባት። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የታፈነው ሁሉ ገነፈለብኝ።

«ነፍሴን ያወጣችኋት እናንተ ናችሁ። ስድስት ጊዜ ያልያዘኝን ወባ ስታከም፣ ግንባሬን ሲበሱኝ፣ ትጨነቂያለሽ ተብዬ ስባረር ነፍሴ ወጣች ያለ አልነበረም። አሁን ትንፋሽ ስማር ነፍሴ አሳዘነቻችሁ። እስቲ አስማማው፣ የሚያመኝ በየት በኩል ነው?»

ዞሮ እህቱን አየ።

«ሚስትህ ነኝ እኮ። ሦስት ዓመት ታምሜያለሁ። የትኛው ወገኔ ነው? በል ንካው።»

ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋና የግንባሬን ቀኝ ጎን ነካ።

 የሱዓድ ዓይን መሬት ላይ ነበር። እጁን ይዤ ወደ ግራ አሻገርኩት። እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ አልገፋሁትም። «እዚህ ነው» አልኩት። ወጥቶ ከባለመኪናው ጋር ትንሽ ተነጋገረ፤ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ያን ቀን እራት ላይ ከልጄ ጋር ሆኖ ብልጭታው ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይቅር ያልኩት ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ፋሲካ ሲደርስ ሕመሙ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣ ሆኖ ነበር፤ ሲመጣም እንደ በፊቱ አይጥለኝም። ዮጋ ፈወሰኝ አልልም። መከላከያውን እየወሰድኩ ነው፣ ማስታገሻውን ትቻለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ ለቃሚዎቹንም በየሰዓቱ አስነሥቼ አንገታቸውን እንዲያፍታቱ አደርጋለሁ። ጣቶቼ አሁን ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳሉ፤ የእግሬን አውራ ጣት አልነካሁም፣ ምናልባትም አልነካም። ትኩሳት ያለው ሰው ወባ ይመርመር፤ በዚህ ቀልድ የለም። በድንገት ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ራስ ምታት የያዘው፣ አፉ የተሳሰረበት ወይም እጁ የዛለበት ዮጋ ሳይሆን ሐኪም ቤት ይሩጥ። ደሜ ንጹሕ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት የሚሰጠው ግን ለምን ብሎ ይጠይቅ። ማስታገሻ በመሐረብ ቋጥራችሁ የምትዞሩ እህቶቼም ቁጠሩት፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትውጡ ለሐኪሙ ንገሩ።

እኔ አገሬ ቀረሁ። ሱዓድ ግን ሄደች። ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ የቀረች እናቷ ታመመች የሚል ወሬ መጣና ድልድዩን ተሻግራ ልትመለስ ወሰነች። ልሸኛት በጧት ሄድኩ። በእነዚያ ወራት አንድ ቀን እንኳ ወደ ክፍሏ ገብቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ምንጣፉን ይዛ የምትወጣው እሷ ናት። ያን ቀን በሩ ክፍት ነበር። ውስጡ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ድስትና የታሰረ ፌስታል ብቻ አለ። አልጋ የለም። ፍራሽ የለም። እሷ ብርሹን ጠቅልላ በገመድ እያሰረችው ነበር።

«ሱዓድ፣ እሱን ተይልኝ» አልኳት። «ለማስታወሻ። በእሱ ነው የለመድኩት።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «እኔ ታዲያ ምን ላይ ልተኛ፣ ሸቂቃ?»

 ድልድዩ ድረስ ምንጣፉን እኔ ተሸከምኩላት። በየጧቱ ስወጣበት ሞቅ ይለኝ ነበር፤ የመተማ ሙቀት ነው ብዬ አስቤበትም አላውቅ። ለካ ገና ከላዩ መነሣቷ ነበር። እኔ ከቤቴ እንዳልወጣ በየቀኑ መኝታዋን ከሥሬ ስታነጥፍልኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የት ትተኛለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከገበያ ሌላ ብርሽ ገዛሁ። አሁንም አሥራ አንድ ተኩል ላይ እነሣለሁ፤ ብቻዬን ድመቷን እሠራለሁ፣ ነፈስ አስገባለሁ፣ ነፈስ አወጣለሁ። ምንጣፉ ጧት ስረግጠው ይቀዘቅዛል።